የፊደል ገበታውና «አላጠናም» ያለው ልጅ



በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንተቸው መጽሐፍ ነው። ዛሬ ግን አንድ ወረቀት ይዘን ቀርበናል። በየክፍላችን ራኩባ ውስጥ ከሸምበቆው ጋር በሽቦ ታስሮ የሚንጠለጠለውን የፊደል ገበታ ማለታችን ነው። ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት አቧራማ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይቀደዳል፤ በፕላስተር ይጠገናል፤ ሁለት ሦስቱ ረድፍ በፀሐይ ነጥቶ አይነበብም። ቢሆንም ክፍሉን ክፍል የሚያሰኘው እሱ ነው። ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ገበታው መኖር አለመኖሩን ነው።

እንዲህ የተከበረን ነገር መተቸት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የማስጠናት ፕሮግራም ላይ የምንሰማው አቤቱታ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ወረቀት ሥር ይወድቃል። አስጠኚው «ልጁ አይቀመጥም፣ ዓይኑ ውጭ ውጭውን ነው» ይላል። እናት «ቤት ሲመጣ ደብተሩን አይከፍትም፣ ሰነፍ ሆነብኝ» ትላለች። ልጁም በበኩሉ «አላጠናም» ብሎ ራኩባውን ጥሎ ወደ ኳሱ ይሮጣል። ሦስቱም አንድ ነገር አይጠይቁም፦ ልጁ እንዲያጠና የተሰጠው ነገር ራሱ የሚጠና ነው ወይ?

እስኪ ገበታውን ረጋ ብለን እንየው። 33 ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ረድፍ 7 ሆሄ ይይዛል፤ ድምሩ 231 ነው። ዲቃሎቹን፣ ቁጥሩንና በኋላ የመጣችውን ቨ ሳንጨምር ማለት ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የሚሄደው ዓምድ በጣም ብልህ አሠራር ነው፤ ይህን የማይል የለም። ካዕቡ ቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ሣልሱ ጭረቱን እግሩ ላይ ያደርጋል፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ሉ ሊ ሌ፣ ቡ ቢ ቤ፣ ሱ ሲ ሴ። አንዱን ቤተሰብ በደንብ ያወቀ ልጅ የሌላውን ግማሽ ሳይነገረው ያውቀዋል። ይህን ያህል ሥርዓት ያለው ጽሑፍ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? መግቢያው በር ላይ ነው። ገበታው በሀ ይጀምራል። ሀ ደግሞ ደንቡን የምታፈርስ ሆሄ ናት። በለ ቤት ለ እና ላ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ በሀ ቤት ግን በአማርኛ ሀም ሃም አንድ ናቸው። ልጁ ገና የመጀመሪያውን ረድፍ ሲያይ አንደኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ሆነው ያገኛቸዋል፤ ስለዚህ የዓምዱን ብልሃት ሊገነዘብበት በሚገባው ቦታ ላይ የሚማረው «እነዚህ ነገሮች ደንብ የላቸውም» የሚለውን ነው። ሦስተኛው ረድፍ ሲደርስ ሐ ትመጣለች፤ ያው ድምፅ በሌላ ቅርጽ። አምስተኛው ሠ፣ ሰባተኛው ሰ፤ እንደገና ያው ድምፅ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ረድፎች አራቱ የያዙት ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ማለት ነው። በኋላ ኀ እና ኸ ሲጨመሩ «ሃ» ለሚለው አንድ ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ኻ እያልን ሰባት ምልክት እንቆጥራለን። ጎበዙ ልጅ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያልፈዋል። ትኩረቱ ቶሎ የሚበተነው ልጅ ግን የሚለግሰን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሷን ዐሥር ደቂቃ ሀ ላይ አባክነናት ስናበቃ «ልጁ ሰነፍ ነው» እንላለን።

(እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ። በጣቢያዎቻችን ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የሚናገሩት ትግርኛ ነው። ለትግርኛ ተናጋሪ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ጆሮው ይለያቸዋል። አማርኛ የሚያስጠና መምህር «ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አትጨነቅ» ሲለው ልጁ ይጨነቃል እንጂ አይረጋጋም። «በአማርኛ ስናነባቸው አንድ ይሆናሉ፣ በእናንተ ቤት ግን ትክክል ነህ፣ ሁለት ናቸው» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።)

ሁለተኛው ችግር ዜማው ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እያልን በኅብረት ስንዘምር ራኩባው ይደምቃል፤ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል፤ ለጉብኝት የመጣ እንግዳም ካሜራውን ያወጣል። ነገር ግን ዜማ የሚያዘው በጆሮ ነው። አንድ ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ እናውቃለን፤ ገበታውን ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይስት ይዘልቀዋል፤ ድምፁም ያምራል። ገበታውን በወረቀት ሸፍነን በመካከሉ በቀደድናት ቀዳዳ ተን ብቻ ብናሳየው ግን ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ ከሀ ጀምሮ በሹክሹክታ እየቆጠረ ይመጣና ቦታዋ ላይ ሲደርስ «ተ!» ይላል። ይህ ልጅ ፊደል አያውቅም፤ መዝሙር ያውቃል። መዝሙሩን ከጨረሰ ስለቆየ ደግሞ ትምህርቱ ሰልችቶታል። ሰልችቶታል፣ ግን አልተማረም። የብዙዎቹ «እምቢ ባዮች» እንቆቅልሽ ይኸው ነው።

ይህን ያወቅነው እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። አቡጊዳ የተባለው ሁለተኛው ሰሌዳ ለምን ያለ ይመስላችኋል? አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፦ አንዱን ከግዕዝ፣ ቀጣዩን ከካዕብ፣ ሌላውን ከሣልስ እያደረገ በሰያፍ የሚሄደው ለጌጥ አይደለም። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ተማሪ እዚያ ላይ ዜማው ይከዳዋል፤ ያወቀው በዓይኑ ከሆነ ያልፋል፣ በጆሮው ከሆነ ይያዛል። ከዚያም በኋላ ልጁን በአንድ ጊዜ ንባብ ውስጥ አይጥሉትም። ቁጥር አለ፣ ግዕዝ አለ፣ ውርድ ንባብ አለ፣ መጨረሻ ላይ ቁም ንባብ ይመጣል። መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዷን ሆሄ እየነካ ያስቆጥራል። የስንደዶዋ ጫፍ የት እንዳለች ልጁ ካላየ የት እንደደረሰ አያውቅምና ዓይኑ የግድ ወረቀቱ ላይ ይውላል። ዛሬ ትኩረት ለመሰብሰብ ተብሎ በየሥልጠናው የሚነገረን ነገር አንድ ቅንጣት ስንደዶ ውስጥ ነበረ።

ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ገበታውን አሳትመው በመላ አገሪቱ ሲያሰራጩ ሀሁውን ብቻ አላተሙም፤ አቡጊዳውንም አብረው አድርገውበታል። በየገበያው አሁን የምናገኘው በላስቲክ የተለበጠ ገበታ ግን ብዙ ጊዜ አቡጊዳውን ትቶ በምትኩ የአንበሳና የአውሮፕላን ሥዕል ያስገባል። መፈተኛው ተነሥቶ ጌጡ ቀረ። ትችታችን ከሁሉ በላይ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። የቄስ ትምህርት ቤቱን ሁሉ መልሱ ማለታችን አይደለም፤ አርጩሜውንና የማይገባን ንባብ በግዕዝ ማስደገሙን ማንም አይመኝም። ጥሩውን ጥለን ዜማውን ብቻ ይዘን መምጣታችን ነው የሚቆጨው።

ከጎናችን ያለውንም እንመልከት። በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት መንደሮች የሱዳን ልጆች ኸልዋ ሲማሩ እያንዳንዱ የራሱ የእንጨት ሰሌዳ አለው። የዕለቱን ክፍል በራሱ እጅ ይጽፋል፣ ይይዘዋል፣ ያጥበዋል፣ ሌላ ይጽፋል። አንዱ ፊት ሄዷል፣ ሌላው ኋላ ቀርቷል፤ ግን ሁሉም የየራሱን ነው የሚሠራው፤ ባልደረባው ሲያነብ አፉን እያንቀሳቀሰ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። የእኛው የኅብረት ንባብ ግን ትልቅ መደበቂያ ነው። 60 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነብ 20ው ዝም ቢል ማን ያውቃል?

እንግዲህ ትችት ብቻ አይበቃም፤ «ታዲያ በምን እንጀምር?» የሚል አስጠኚ ይኖራል። እኛ የያዝነው መንገድ ይህ ነው። ገበታው ግድግዳው ላይ ይቆይ፤ ማስጠናቱ ግን ከአራት ቤተሰብ ይጀምር፦ መ፣ ለ፣ በ፣ ሰ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ማንበብ አለበት። ፊደል ራሱ ለሕፃን ምንም ትርጉም የለውም፤ ቃል ግን አለው። በመ እና በለ ብቻ ላም፣ ሎሚ፣ ሙሉ፣ መላ ይገኛሉ። በ ስትጨመር ልብ፣ ባል፣ በላ ይመጣሉ፤ ደግሞም ላሎብ! ልጆቻችን ከዛፍ ሥር ለቅመው ወይም ከሱቅ በሳንቲም ገዝተው ቀኑን ሙሉ የሚመጡትን ላሎብ በሁለት ቤተሰብ ብቻ መጻፍ ይቻላል። ሰ ስትገባ ደግሞ ሰላም፣ ልብስ፣ ስም፣ ሲምሲም ይነበባሉ። በአማርኛው ሰሊጥ ነው እንጂ ሲምሲም አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ከጥቅምት ጀምሮ አባትና እናት፣ አንዳንዴም ልጁ ራሱ፣ አጨዳ የሚወጡበትን ነገር ስሙን ጽፎ ሲያየው የሚደርስበትን መደነቅ ሰሊጥ አያመጣውም፤ ጠ እስክትደርስ መጠበቅም አለበት። «ሙሴ ላሎብ በላ።» ይህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የፈጀው አራት ቤተሰብ ብቻ ነው። መዝሙሩን እስከ ፐ ለመጨረስ ወራት የፈጀበት ልጅ ይህን በሁለት ሳምንት ሲያነብ እናቱ ፊት ቆሞ ሊያነብላት ይፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ለ እና ሰ ይመሳሰላሉ፤ በም ከነሱ አትርቅም። ስለዚህ በአንድ ቀን አይሰጡም። ለ በደንብ ሳትጸና ሰን ያመጣ ሰው ሁለቱንም ያጠፋል። ገበታው ላይ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ ጎን ለጎን የተቀመጡት ዘመድነታቸውን ለማሳየት ነው፤ ለአዋቂ ግሩም ነው፣ ለጀማሪ ግን መንታ ልጆችን በአንድ ቀን አስተዋውቆ ስማቸውን እንደመጠየቅ ያለ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። «ትኩረት የለውም» የሚለው ቃል በየሪፖርታችን ላይ እንደ ጨው ይነሰነሳል። ትኩረት የሌለው ልጅ ግን የለም፤ ትኩረቱ ሌላ ቦታ ነው እንጂ። የት እንደሆነ መጠየቅ የአስጠኚው ሥራ ነው። ከኋላው ቆመን በቀስታ ስሙን ብንጠራውና ባይዞር፣ ችግሩ ጆሮው ሊሆን ይችላል፤ ጆሮው የሚመግል ልጅ በጣቢያ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ የማይሰማ ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ቢያይ አይፈረድበትም። ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጨነቁር ከሆነ ወደ ፊት ማምጣትና ለጤና ጣቢያው መንገር ነው። ቁርስ ሳይበላ ከመጣም አስጠኚው ተዓምር አይሠራም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ተከዜን ተሻግሮ በሐምዳይት በኩል የመጣ፣ ወይም በኋላ በመተማና በገላባት በኩል የገባ ልጅ ራኩባው በር ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ሰው ቀና ብሎ ካየ፣ ያንን ያስተማረው ሕይወት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ ማስቀመጥ ከሥልጠና ወረቀት ላይ «ረባሽ ነገር ከዓይኑ አርቅ» ተብሎ የተወሰደ ነው፤ ለእሱ ግን ከኋላው ማን እንደመጣ አለማወቅ ራሱ ትልቁ ረባሽ ነው። በሩ በሚታየው ቦታ፣ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥ። እኛ ያየነው ልዩነት ይህች ብቻ ያመጣችውን ነው።

ሌላው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። ልጁ ጠዋት አረብኛ ከተማረ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፍ ውሎ ከሰዓት በኋላ ከግራ ወደ ቀኝ ጻፍ እንለዋለን። «ላም»ን «ምላ» ብሎ ቢያነብ ደንቆሮ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ጠዋት የተማረውን አልረሳም ማለት ነው። በመስመሩ ግራ ጫፍ ላይ በቀለም አንዲት ነጥብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንታት ይበቃዋል።

ስለ ጽሕፈትም መባል ያለበት አለ። ልጅ ሲረብሽ «ይህን ገጽ ዐሥር ጊዜ ጻፍ» የሚል ቅጣት በብዙ ክፍሎች ይሠራበታል። በአንዱ ክፍል፣ የማንን እንደሆነ አንጠቅስም፣ «አልረብሽም» የሚለውን ቃል 100 ጊዜ እንዲጽፍ የታዘዘ ልጅ መጀመሪያ አ ብቻ 100 ጊዜ ወደ ታች ጻፈ፣ ቀጥሎ ል 100 ጊዜ፣ እንዲህ እያለ ጨረሰ። ብልህ ልጅ ነው! ግን ቃሉን አንዴም አልጻፈውም። ደብተር በዚህ ዓይነት ችግር በሚገኝበት አገር፣ በተለይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ዕቃ ሁሉ በተወደደበት ጊዜ፣ ወረቀትን ለቅጣት ማዋል እንደምን ያስችላል? ጽሕፈትን የቅጣት መሣሪያ ያደረገ መምህር ደግሞ ነገ «ለምን መጻፍ ጠላህ?» ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። በአሸዋ ላይ በጣት መጻፍ ይሻላል። ስሕተቱ በመዳፍ ይጠፋል፤ ቀይ እስክሪብቶ የለም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅም ቁጢጥ ብሎ፣ እየተነሣ፣ እየተንቀሳቀሰ ይጽፋል። ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ዋልካ ጭቃ ይሆናልና ይህ የሚሆነው በበጋው ነው፤ ያኔ በከሰል ቆርቆሮ ላይ ነው።

እንዲህ ስንል የእኛ ልጆች ብቻ የተለየ ችግር አለባቸው እያልን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ፈተና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ በአገራቸው፣ በትምህርት ቤታቸው፣ መምህርና ሰሌዳ እያላቸው ነው። ከዚያ በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት የተዘጋጁት ይህ ውጤት ስላስደነገጠ ነው። 34 በመቶ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ሆኖ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳን።

በሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ወይም በዕድሜያቸው ሳይሆን ማንበብ በቻሉት ልክ ለጥቂት ሰዓት መድቦ ማስተማርን አስለምዷል፤ ፊደል የሚለዩት ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡት ለብቻ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ለሞላበት ለእኛ ዓይነቱ ቦታ የሚስማማ ነው። አንድ እሾህ ግን አለው፤ ትልቁን ልጅ ከሕፃናቱ ጋር ካስቀመጡት በማግሥቱ አይመጣም። መውጫው «ረዳት» ብሎ መሾም ነው። ስንደዶውን ይያዝ፣ ለትንንሾቹ ይንካላቸው። ለማስቆጠር ሲል ትናንት ማታ ራሱ ያጠናል፤ ማንም አላዘዘውም። የቄስ ትምህርት ቤቱ ይህንንም ያውቀው ነበር፤ ታላቁ ታናሹን ያስቆጥር ነበርና። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የቆመው በአብዛኛው ራሳቸው ተማሪ በሆኑ ወጣቶች ጉልበት ነው። እኛም ዩኒቨርሲቲውን ሳንጨርስ የወጣን ሰዎች ይህን እያስታወስን ነው የምንጽናናው።

ስለ ሥዕልም ትንሽ እንበል። ከእርዳታ የመጡ የሕፃናት መጻሕፍት ሥዕላቸው ያምራል፤ ልጁም ይወዳቸዋል። ነገር ግን «በቅሎ» ተብሎ ከተጻፈበት በላይ የተሣለውን አይቶ «አህያ» ብሎ የሚያነብ ልጅ አላነበበም፤ ገመተ። ትኩረቱ የሚበተን ልጅ መገመት ላይ በጣም ጎበዝ ነው፤ ብዙ ዓመት የኖረው በግምት ነዋ። ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ ቃሉን ማስነበብ፣ ከዚያ ሥዕሉን ገልጦ ማሳየት። ያኔ ሥዕሉ ሽልማት ይሆናል።

አሁን ገበታው ፈጽሞ ወደማይነካው ጉዳይ እንምጣ። ልጁ 231ዱን ሁሉ ቢያውቅ እንኳ የአማርኛ ጽሑፍ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው ወይስ ጠባብ ያልሆነው? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ «አልደረሰም» የሚለው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ያደገ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ያርማል። ገዳሪፍ ተወልዶ ከሰፈር ልጆች ጋር አረብኛ የሚጫወት ልጅ ግን የሚያርምበት ጆሮ ገና አልዳበረም። ስለዚህ ያነባል፣ ያነበበውም አይገባውም፣ ይሰለቻል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቀው ሆሄ አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። አሠራሩ በአታሚዎች ዘንድ አልተለመደም፤ ምን ይደረግ። በእጃችን የምንጽፈውን የማስጠኛ ወረቀት ግን ማንም አይከለክለንም። ነጥቧን እናድርጋት። ልጁ ሲጸና ይተዋታል።

ወላጆች «አማርኛ ምን ያደርግለታል? አረብኛ ወይም እንግሊዝኛ አስጠኑልን» ሲሉ እንሰማለን። ቅር አይለንም፤ ነገ ሦስተኛ አገር እንሄዳለን ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ወይም እዚሁ ሱቅ ልከፍት ነው የሚል ሰው እንዲህ ቢል ትክክል ነው። ነገር ግን በሚናገረው ቋንቋ «ይህች ምልክት ይህችን ድምፅ ትሰጣለች» የሚለው ነገር አንዴ የበራለት ልጅ ወደ አረብኛውም ወደ እንግሊዝኛውም ይዞት ይሄዳል። ፊደሉም ለአማርኛም ለትግርኛም ያገለግላል፤ ጥቂት ሆሄ ይጨመራል እንጂ። ሌላም አለ። በስልክ የሚመጣ መልእክት አለ፤ መተማ የቀረች አያት በሰው እጅ ያስጻፈችው። አንብቦ የሚነግራት ሰው ፍለጋ እናት ከራኩባ ራኩባ ስትዞር አይተናል። የቤቷን ምስጢር ለጎረቤት ከማስነበብ የገዛ ልጇ ቢያነብላት አትመርጥም?

ጊዜን በተመለከተ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ማስጠናት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አይሆንም። 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ከቀትር በኋላ ባይሞከር ይመረጣል። መቆም ያለበትም ልጁ ሲሰለች ሳይሆን ገና «አንድ ጨምርልኝ» እያለ ሳለ ነው። ብዙ አስጠኚዎች እዚህ ላይ ይስገበገባሉ። «ዛሬ ደህና ይዞታል» ብለው ሌላ ረድፍ ይጨምራሉ፤ በማግሥቱ ልጁ የለም።

ከአራቱ ቤተሰብ በኋላ ምን ይምጣ ላሉን፦ ነ፣ ተ፣ አ እና ረን እንጨምራለን። ሳሙና፣ ቤት፣ በር፣ እናት፣ አባት፣ ተማሪ ይገኛሉ። ከዚያ ደ፣ ገ እና ፈ። ዱራ ይነበባል፣ ሱዳንም ይነበባል። ዐሥራ አንድ ቤተሰብ፣ 77 ሆሄ ሲሞላ ልጁ «ገዳሪፍ» ብሎ ይጽፋል። እዚያ ላይ ሪ ታስቸግረዋለች፤ ረ እና ፈ በካዕብና በሣልስ የሌሎቹን ደንብ አይከተሉምና። «ለምን ሪ እንደ ሊ አልሆነችም?» ብሎ ከጠየቀ ደስ ይበላችሁ፤ ደንቡን አውቆታል ማለት ነው። መልሱም «ረ ሁለት እግር ስለሌላት ጭረቷን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ ፈለገች» ነው፤ ፊደሏን አሸዋው ላይ ጽፋችሁ አሳዩት።